ቀዩ ቀለም ከሥሩ የያዘው

በእኛ ጊዜማ፣ ልጆቼ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲያረጅ በላዩ አዲስ ይሣልበት ነበር እንጂ ማን ያክመዋል? ባለቤቴ መሪጌታ ላቀው፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ሠዓሊ ነበሩ። ታዲያ የደብራችን ጣሪያ አፍስሶ የእመቤታችን ሥዕል ተበላሸና ካህናቱ «ያድሱልን» አሏቸው።

እና ከሥዕሉ ግርጌ አንድ ሰው ተደፍቶ ነበር። ታውቁ የለ፣ ሥዕሉን ያሣለ ሰው ከእግሯ ሥር ተደፍቶ ይሣላል፣ ስሙም በግዕዝ ይጻፋል። ይኸኛው የደብራችን ሰው የአያ ተገኘ ቅድመ አያት ነው። ግን ሕዝቡ ሲሳለመው፣ ጧፉ ሲያጨሰው፣ ፊቱም ስሙም ጠቁሮ ጠፍቶ ነበር። መሪጌታ «ያላየሁትን ፊት አልሥልም» አሉና ቦታውን በቀይ ቀለም ሸፈኑት። ለቤተሰቡ ሳይነግሩ ሸፈኑት። ጥፋታቸው ይቺው ናት፣ እኔም አልደብቅም።

ታዲያ አያ ተገኘ ለበዓል መጡና አዩ። ሕዝቡ ሳይበተን «ይኸ ሰው ፋቀው! ቅድመ አያቴን ፋቀው!» እያሉ ጮኹ። መሪጌታ «ኧረ አልፋቅሁም፣ ከሥር አለ» ቢሉ ማን ይስማ!

«ካለ ፍቀህ አሳየኛ!»

«ብፍቅማ ያን ጊዜ እውነትም ፋቅሁ።»

አያችሁ? ንጹሕ መሆናቸውን ለማሳየት ያንኑ በደል መሥራት ነበረባቸው። አልሠሩም። እና «ሥዕል ፋቂው» እንደተባሉ፣ ሌላ ደብር ሣሉልን ሳይላቸው፣ ብሩሻቸው እንደደረቀ ሞቱ። አያ ተገኘ ለቅሶ እንኳ አልደረሱ። ለቅሶ፣ ልጆቼ! ለቅሶ ጠላትም ይደርሳል።

ታዲያ በቅርቡ አንዲት የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ካሜራ ይዛ መጣች። ቄሰ ገበዙ በሩ ላይ ቆሙባት።

«ትነኪዋለሽ?»

«አልነካም፣ አባ።»

«ታጥቢዋለሽ?»

«ኧረ አላጥብም!»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ላየው ብቻ።»

«ማየትማ እኛም እናያለን!» ብለው ሳቁ።

እሷም ዓይናችን የማያየው ብርሃን እንዳለ፣ ያ ብርሃን የላዩን ቀለም አልፎ ከሥር በጥቁር የተሣለውን እንደሚያሳይ፣ ግድግዳውን ጣት ሳይነካው ሁሉ ነገር በፎቶ እንደሚያልቅ አስረዳች። ቄሰ ገበዙም ፈቀዱ።

ወሬው ሲሰማ አያ ተገኘ በምርኩዝ እየተጎተቱ መጡ። እኔም ሄድኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ያን ሁሉ ዓመት አምኛቸው ኖሬ፣ እዚያ ስቆም «ከሥር ባይኖርስ? እኔንም ዋሽተውኝ ቢሆንስ?» አልኩ። ባሌን ጠረጠርኩ፣ ልጆቼ። ደክሞኝ ነበር።

ኮምፒውተሩ ላይ መጀመሪያ ግራጫ ነገር ብቻ ነበር። ቆየት ብሎ እጅ መጣ፣ ቀጥሎ ጥምጥም፣ ቀጥሎ የተደፋ ፊት፣ ከፊቱ በላይ ጽሑፍ።

«ማን ያነብልኛል?» አለች ልጅቷ።

ካህናቱ ሲጠጉ «እኔ» አልኩ። ንባብ ያስተማሩኝ መሪጌታ ናቸው። «ዘከመ ተማኅፀነ ወልደ ሚካኤል» ብዬ አነበብኩ፤ ወልደ ሚካኤል፣ የአያ ተገኘ ቅድመ አያት፣ በእመቤታችን እንደተማጠነ ማለት ነው።

አያ ተገኘ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ታዲያ ይኸ ቀዩ ይነሣልኛ! ይፋቅ!»

«አያ ተገኘ፣ መሪጌታ ሳይፍቁ ፋቁ ተባሉ፤ አንቱ ደግሞ በአደባባይ ሊያስፍቁ ነው?» አልኳቸው። ቄሰ ገበዙ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ልጅቷም «አይፋቅም፣ አባባ። የመሪጌታም እጅ ቅርስ ነው። ሁለቱም ባሉበት ይኑሩ፣ ፎቶውን አሳትሜ አመጣልዎታለሁ» አለቻቸው።

አያ ተገኘ ምርኩዛቸውን ጥለው ወደ ጉልበቴ ዝቅ ሲሉ ያዝኳቸው። «ይቅር በይኝ» አሉ። ያ ሰው፣ ያ ጯሂ፣ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

«ታዲያ ይቅር አሏቸው፣ እትዬ?» ትሉኝ ይሆናል። አልኩ። የእኔን ድርሻ አልኩ። የመሪጌታን ግን እኔ በምን ሥልጣኔ? እሱን እዚያው ሲገናኙ ይጨርሱ። አያ ተገኘም ሰማንያን አልፈዋል፣ መንገዱ ሩቅ አይደለም።