የጠበቀ መሪ፣ የላላ ጎማ

ይህን ታሪክ ንዴቴ ሲበርድልኝ ልጽፈው አስቤ ነበር። ሁለት ወር ጠበቅሁ፤ አልበረደልኝም። እንግዲህ እንዳለ ተቀበሉት።

በሰሜን ኒው ሜክሲኮ፣ በተራራው ላይ ባለችው መንደራችን፣ ሠላሳ ዓመት ሳይንስ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀድሞ ተማሪዬን ሊያንድራን ከሥራዋ አሳፍሬ ወደ መንደር ስንመለስ፣ ገደሉ መታጠፊያ ላይ አጎቷን ዶን ኦኖፍሬን አገኘናቸው። ፒካፓቸውን ዳር አቁመው ኮፈኑን ከፍተዋል። ለብርዱ ወራት የሚሆን ፒኞን የሚባለውን የጥድ እንጨት ከጋቢናው ጣሪያ በላይ ቆልለውበታል። የኋላው ባሌስትራ ተለጥጦ ቂጡ መሬት ሊነካ ምንም አልቀረው፤ አፍንጫው ሽቅብ አንጋጧል። እሳቸው በካቻቪቴ የመሪውን ሳጥን ብሎን ያጠብቃሉ።

ሊያንድራ ከተማ ወርዳ ሁለት ዓመት መካኒክነት የተማረች ልጅ ናት፤ አሁን የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ትጠግናለች። ፒካፑን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። እኔ ደግሞ ክንዷን ያዝ አድርጌ ዝም እንድትል ለመንኳት። በኛ መንደር የሰውን ቤት፣ የሰውን ፈረስ፣ ጨዋታ ከሞቀም የሚስቱን ወጥ ማማት ይቻላል። ፒካፑን ግን ማንም አይናገርበትም። እየተንቋቋ ሲያልፍ ባርኔጣችንን አንስተን ሰላም እንላለን። ይህን ጨዋነት ነው ብዬ ለልጆች ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ልጅቱ እጄን አስለቅቃ ወረደች።

«ምን ሆኖ ነው፣ አጎቴ?»

«ምንም። መሪው ትንሽ ላልቶብኝ ነው። ሩብ ዙር ሳጠብቀው ያልቃል። አባቴም እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

«ዘንድሮ ስንተኛዎ ነው?»

«ማን ቆጠረው። አምስተኛዬ ይሆናል።»

እሷም የላላው ያ እንዳልሆነ፣ ብሎኑን በነካኩ ቁጥር ነገሩን እያባሱት እንደሆነ በትሕትና አስረዳቻቸው። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ማጥበቃቸውን ቀጠሉ። የልጅቱን ቁጣ ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። እናቷ ኤሎይሳ የዶን ኦኖፍሬ እህት ናት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ጧት፣ ለኩላሊት እጥበት በዚህ ገደል ቁልቁል የሚያወርዷት እሳቸው ናቸው፤ በዚሁ ፒካፕ። ሊያንድራ በዚያ ሰዓት አውቶቡሶቹን ፈትሻ ስለምታሰማራ ልትወስዳት አትችልም።

«ሰኞ እናቴ እዚህ መኪና ላይ አትወጣም» አለች።

ካቻቪቴው ከእጃቸው ወደቀ። «አርባ ዓመት ነድቻለሁ፤ አንድ ቀን ገልብጬ አላውቅም። የሁለት ዓመት ትምህርት ነው እኔን መንዳት የሚያስተምረኝ? መምህር፣ ይችን ልጅ አንድ በልልኝ።»

እኔም እንደ ለመድኩት ፈሪ ሆንኩ። ምናልባት ቀስ ብለው ቢነዱ፣ ብዬ ጀመርኩ። ሊያንድራ አላስጨረሰችኝም።

«እርስዎስ አያፍሩም፣ መምህር? በፋሲካ ከአጎቴ ጋር ከተማ ደርሰው ሲመለሱ ከፒካፑ ወርደው ሲያማትቡ አይቻለሁ። እሳቸውን ግን ‹ጥሩ መኪና ነው› አሏቸው።»

እውነቷን ነው፤ ብያለሁ። በዚያች ደቂቃ በእሷ ተናደድኩ፤ ቀጥሎ በራሴ። የኋለኛው ንዴት ነው እስከ ዛሬ ያልበረደልኝ።

ሊያንድራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኔን አይመኑኝ፣ አጎቴ። የራስዎን እጅ ይመኑ። ከፊት ጎማው ሥር ይግቡና መዳፍዎን የዘንጉ ጫፍ ላይ ያድርጉ፤ ጎማውን ከመሪው የምታገናኘዋ መገጣጠሚያ ላይ። መምህር ጋቢና ገብተው መሪውን ትንሽ ትንሽ ወዲያና ወዲህ ያድርጉት። ሞተር እንዳያስነሱ።»

እያጉረመረሙ ገቡ። መሪውን ወዘወዝኩት።

«ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት።

«ዘንጉ ይሄዳል። ጎማው ግን ቆሟል» አሉ በስተመጨረሻ፤ ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም። «ዳዶውን እንዲይዝ ለጊዜው ብዬ ምስማር ከትቼበት ነበር። ግማሹ የለም።»

«ያጠበቁት እጅዎ የሚሰማውን ብቻ ነው» አለች ሊያንድራ። «ላይኛውን ባጠበቁ ቁጥር መሪው ይደነድናል፤ ከታጠፈ በኋላ በራሱ አይመለስም። የላላችው ይቺ እንደላላች ናት። ጭነቱ ደግሞ ከኋላ ተጭኖ የፊቱን ጎማ ከመሬት ያነሳዋል። ይቺ መገጣጠሚያ የወጣች ቀን እርስዎ መሪውን ቢያዞሩ ጎማው የራሱን መንገድ ነው የሚሄደው።»

ዶን ኦኖፍሬ ወጥተው አፈሩ ላይ ተቀመጡ። ልብሳቸውን እንኳ አላራገፉም። «ረቡዕ ጧት እዚህችው ቦታ ወደ ገደሉ ጎትቶኝ ነበር» አሉ። «ለኤሎይሳ ነፋስ ነው አልኳት።»

ሊያንድራ ለቅሶ አመለጣት። የኀዘን ለቅሶ አይደለም፤ የንዴት ነው።

ፒካፑ ከዚያ ንቅንቅ አላለም። እንጨቱን በኔ መኪና ስናመላልስ መሸ። እሑድ መገጣጠሚያዋን እዚያው ዳር ላይ ቀየረቻት፤ ከዚያ ጋራዥ አስገብታ ጭነት እንዲሸከም ከሌላ መኪና የተጨመረውን ባሌስትራ አወጣች፣ አሞርዛተሮቹን ለወጠች፣ ብሎኑን ወደ ቦታው መለሰች፣ ግራሶ የሚጠጣውን ሁሉ አጠጣች፣ ጎማዎቹንም አስተካከለች። ያን ሳምንት ኤሎይሳን የወሰድኳት እኔ ነኝ።

ጥቅሙን ማየት ለሚፈልግ ይኸው። መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ ይመለሳል። በአንድ ወቅት ውስጥ አንድ ጎኑ ተበልቶ ያልቅ የነበረው ጎማ አሁን እኩል ይበላል። ዶን ኦኖፍሬ እንጨታቸውን በሁለት ጉዞ ያመጣሉ፤ ያጉረመርማሉ፣ ግን ያመጣሉ። በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የመንደሩን ፒካፕ ሁሉ ፊቱን በክሪክ አንስተን እንፈትሻለን፤ አንዱ ጎማውን ይወዘውዛል፣ ባለቤቱ ራሱ እጁን ይከታል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከአሥራ አንዱ አራቱ እንደዚያው ላልተው ተገኙ። አንዱ የኔ ነበር። ኤሎይሳን ሳምንቱን ሙሉ ያመላለስኩበት መሆኑ ነው። እንግዲህ ስለ ጨዋነት ማንም እንዳያወራኝ። የጎረቤቱን መኪና ሲንቋቋ እየሰማ ባርኔጣ የሚያነሳ ሰው ፈሪ ነው።

የመንደሩን ነገር አስቀደምኩ እንጂ፣ ፒካፑ ተጠግኖ ኤሎይሳን ባወረደበት የመጀመሪያ ሰኞ ዶን ኦኖፍሬ «ና፣ አብረኸን ውረድ» ብለውኝ ነበር። ሦስታችን ጋቢና ተደርድረን ተቀመጥን። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኤሎይሳ፣ ያን ረቡዕ ነፋስ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አለች እህታቸው። «መሪው እንደማይታዘዝህ ከሐምሌ ጀምሮ አውቃለሁ።»

ደማቸው ፈላ። «ታዲያ ምነው አፍሽን ያዘው? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ትቆጣለህ» አለች፣ መንገዱን እያየች። «ከተቆጣህ አትመጣም። ካልመጣህ እጥበቱ ይቀራል፤ እሱ ከቀረ ደግሞ ሁለት ሳምንት አልቆይም። ገደሉ ግን ምናልባት ይምረኝ ይሆናል ብዬ ነው።»

ዶን ኦኖፍሬ ፒካፑን ዳር አቆሙ። ወርደው ዞሩና ቁልፉን ሰጡኝ። እስከ ሆስፒታሉ የነዳሁት እኔ ነኝ።