ትምባሆው መኪናው ውስጥ ቀረ

ግቢ አበበች፣ ግቢ እህቴ። ካፖርትሽን እዚያ ጣል አድርጊው። አየሽልኝ የካልጋሪን ነገር? ጠዋት በረዶ ልጠርግ አካፋ ይዤ ወጥቼ ነበር፤ አሁን ይሄ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፈሰና ደጄ ኩሬ ሆነ። መኪናሽን ውሃው ላይ ፓርክ አላደረግሽም አይደል?

ልጅሽስ ደህና ነው? ከመስክ ተመለሰ? ተመስገን። የሠርጉን አዳራሽም ያዛችሁ... ጥሩ። ልጄን ኢየሩስዬን አግቢኝ ቢላት ዝም አለች፣ ዝም ስትል ቀን ተቆረጠ። በዚህ ብርድ ሽማግሌ ልኮ ማን ሰው ያንገላታል? አንቺው መጥተሽ ነገርሽኝ፣ ምን ቀረ?

ይልቅ አንድ ወሬ ላጫውትሽ። ታደገን ታውቂው የለ፣ የማዕድን ፈላጊዎቹን መኪና የሚነዳውን? እሱ ነው የነገረኝ። ስም አልጠራልኝም፣ እኔም አልጠየቅሁት... መሥሪያ ቤታቸው አንድ የተማረ ያገራችን ልጅ አለ አሉ። ሥራው ወደ ሰሜን እየሄደ ከአገሩ የጥንት ባለቤቶች ጋር መስማማት ነው። ውል አላቸው፤ ሽማግሌዎቹ ሳይጠየቁ መሬቱን በመርፌ እንኳ መውጋት የለም። አጠያየቁም አይከብድም። እንደ ወጋቸው ትምባሆ በእጅሽ ትሰጫለሽ፣ ከተቀበሉሽ ያኔ ጨዋታው ይጀመራል።

ልጁ ግን አዋቂ ነዋ። ትምባሆውን መኪናው ውስጥ ትቶት ገባ። ለሳንባቸው አዝኖ ይሆናል... እንዴት ያለ ርኅሩኅ ነው። ካርታውን ዘረጋና እዚህ እንቆፍራለን፣ እዚያ እንቆፍራለን አለ። ሽማግሌዎቹ ዝም። ካርታውን ጠቀለለና ወጥቶ ለቢሮው "ተስማምተዋል" ብሎ ደወለ። ምን ይፈረድበታል? ዝም ያለ ሁሉ እሺ አለ እየተባለ ያደገ ልጅ...

በማግስቱ መቆፈሪያው ሲደርስ ሽማግሌዎቹ መንገዱ መሃል ወንበር ዘርግተው ሻይ ይጠጣሉ። አንዷ አሮጊት፣ እኔን የምታህል ናት አሉ፣ "ትላንት እኮ እስክትጀምር ነበር የምንጠብቅህ" አለችው። ታደገ ያን ሁሉ ብረት ጭኖ ወደ መጣበት ተመለሰ። ልጁ ከጎኑ ተቀምጦ ምን ሲል እንደነበር ታውቂያለሽ? "እምቢ አላሉ፣ እኔ ምን ላድርግ?" ብልህ እኮ ነው። እናቱ እንዴት ትኮራበት ይሆን...

ኢየሩስዬ? ጓዳ ናት። ያቺ ልጅ እሺ ስትል እኮ የዚህ የዶቨር ሰፈር ጎረቤት ሁሉ ይሰማታል። አንቺ ሰማሻት? ... እኔም አልሰማኋት።

ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ፣ ጠጪ። ለዚያ ለሰው ልጅ ግን ምርቃት አልነፍገውም። እግዚአብሔር ጨዋ ሚስት ይስጠው። ማዕዱ ላይ ብትቀመጥ፣ አልጋው ላይ ብትተኛ፣ ዕድሜ ልኳን ትንፍሽ የማትለው። እሱ እንደሆነ ሁሌም እንደወደደችው ያውቃል...

አሜን በይ እንጂ፣ አበበች።

ዝም አልሽ? እንግዲያማ ተስማምተሻል።