ስድብ የተነፈጉ ጎረቤቶች

ጣልያን በወጣ ሰሞን የገናን ግጥሚያ የማደራጅ እኔ ነበርሁ። የገና ዕለት እኛ የሚካኤል ሰዎች ከጊዮርጊስ ሰዎች ጋር ሩሯን በዱላ እየመታን መጫወታችን ከአባቶቻችን የመጣ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ከወንዝ ማዶ፣ ከትንሿ ኪዳነ ምሕረት፣ አያ ተገኘ የሚባሉ ሽማግሌ መጡብኝ። «ምነው ልጄ፣ እኛ ዘለዓለም ተመልካች?» አሉኝ። «አያ፣ ገናን ከጊዮርጊሶች ብነጥቅ ጠብ ይነሣል። በማግስቱ እንግጠማችሁ?» «በማግስቱማ ብንረታችሁ፣ ደክሞን ነው ልትሉ!» እውነታቸውን ነው። ጸልዬ አደርሁና ገናን ለጊዮርጊሶች ትቼ፣ ለማዶዎቹ ከገና በኋላ እግራችን የሚያርፍበትን እሑድ ሰጠኋቸው።

እሑድ ረታናቸው። ያሸነፈ የተሸነፈውን በግጥም መስደቡ ወግ ነው፤ በገና ጨዋታ ማንም አይቆጣም። ጎረምሶቻችን ግን አዘኑላቸውና ዝም አሉ። አያ ተገኘ ዱላቸውን እየጎተቱ፣ ተቆጥተው ወደኔ መጡ። «ጊዮርጊሶችን ስትሰድቡ ትውላላችሁ። የኛ የማይሰደብ ምናችን ነው?» ዝምታችን ንቀት እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ። በል ብዬ እኔው አወረድሁት፦

«የማዶ ጎረምሳ ሩሯ ስትመጣበት፣
ዱላ ጥሎ ሮጠ ወደ እናቱ ቤት!»

ሜዳው ሁሉ ተቀበለኝ። አያ ተገኘ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ተመስገን» አሉ፤ «ለከርሞ መልሱን ይዘን እንመጣለን።»