ዶን ኢላሪዮ ያልፈረሙት ቃል

ዶን ኢላሪዮ የተሰረቀባቸው የጭነት መኪና ተገኝቷል ተብለው ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሄዱ ዕለት፣ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ኦራሊያን ተቀምጣ አገኟት። ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለው ቤት የምትኖር፣ ለጋዜጣ የምትሠራ የወንጀል ዜና ጸሐፊ ናት። ብርቱካን ነጋዴው ሽማግሌ ሥራዋን አይወዱላትም፤ በቬራክሩስ ግዛት ያለችውን ትንሽ ከተማቸውን በደም የምታስጠራ ይመስላቸዋል። ቢሆንም ከእናቷ ጋር አብሮ አደግ ናቸውና አጠገቧ ተቀመጡ።

ምን እንዳመጣት ጠየቋት። በስርቆት ተጠርጥሮ የተያዘ ጎረምሳ እስር ቤት ውስጥ ተደብድቦ መሞቱን ጽፋ ነበር፤ ቢሮው ግን ለቅቄዋለሁ ባይ ነው። እናቱ አስከሬኑ የት እንደወደቀ እንኳ አታውቅም። አሁን ዐቃቤ ሕጉ ኦራሊያን እየደጋገመ እየጠራ፣ ማን እንደነገረሽ ተናገሪ፣ አለዚያ የወንበዴዎች ተባባሪ ብዬ እከስሻለሁ ይላታል።

«ታዲያ ነግረሽ አትገላገይም?» አሉ ዶን ኢላሪዮ። «ሕግ ሲጠይቅ ይመለስለታል። እኛ ያደግነው እንደዚያ ነው።»

«እኔስ እገላገላለሁ፤ የነገረኝ ሰውስ?»

«እሱም አፉን መሰብሰብ ነበረበት። አንቺም ብትሆኚ የሠርግና የበዓል ዜና መቼ ጠፋ?»

ኦራሊያ ፈገግ አለች። «ዶን ኢላሪዮ፣ ተኩስ ተሰምቶ ባደረ ቁጥር፣ ጠዋት ብርቱካንዎን በየትኛው መንገድ እንደሚወስዱ ከማን ይሰማሉ?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋዜጣዋን ከሚስታቸው ተደብቀው እንደሚያነቡ ማን ነግሯት ይሆን? «የመንገድ ወሬ ሌላ፣ የመንግሥት ገበና ሌላ» አሉ።

«አንድ ነው እንጂ። ዛሬ የአንድ ሰው ስም ካወጣሁ፣ ነገ መንገድ ላይ ያየውን የሚነግረኝ አይኖርም። ገዳይም እንደገደለ ይቀራል፤ የደንብ ልብስ ለበሰም አልለበሰም።»

በዚህ አልተረቱም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የያዘውን ሐሳብ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በአንድ አፍታ አይጥልም። ወዲያው ተጠርተው ገቡ።

ዐቃቤ ሕጉ ወጣትና ትሑት ነው። ወንበር ስቦ «አባቴ» እያለ አስቀመጣቸው። መኪናው ዛሬውኑ እንደሚለቀቅላቸው ነገራቸው። የሚፈልገው ትንሽ ነገር ነው፤ ወንበዴዎች ኦራሊያ ቤት ሲገቡ አይቻለሁ ብለው እንዲፈርሙ ብቻ። ቃሉ ተተይቦ ቀርቧል።

«እንዲህ ያለ ሰው ሲገባ አላየሁም።»

«ታዲያ ማን ሲገባ አዩ?»

ያዩትማ አይተዋል። አንድ የእስር ቤት ዘበኛ፣ የትንንሽ ልጆች አባት፣ ግራ ቀኙን እያየ በሯን ሲያንኳኳ አይተዋል። ስሙ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ነበር። ከአፋቸው ቢያመልጥ ያ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሲያስቡ፣ ኦራሊያ ተሸክማ የከረመችው ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባቸው።

«እኔ ብርቱካን ነው የምሸጠው፤ የሰው በር አልጠብቅም» ብለው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አኖሩ። መኪናውም ሳይለቀቅ ቀረ።

ሲወጡ ኦራሊያ አጠገብ ተመልሰው ተቀመጡ። የተባሉትን ሁሉ ለኦራሊያ ነገሯትና «ጻፊው» አሏት።

«ስምዎን ልተወው?»

«ስሜን ከተውሽው አንቺ ፈጠርሽው ይላሉ።»

«አይፈሩም?»

«እንዴት አልፈራም፣ ልጄ? ግን እኔ ስሜን ሳልሰጥ አንቺን ብቻ እንዴት ደፋር ሁኚ እላለሁ?»

ጽሑፉ ሲወጣ፣ በሐሰት እንዲፈርሙ የተጠየቁ ሌሎች ሰዎችም ብቅ ብቅ አሉ፤ አንድ ፋርማሲስት መጣ፣ የታክሲ ሾፌርም መጣ። ከየከተማው ጋዜጠኞች ተሰብስበው ቢሮው በር ላይ ቆሙ። ዐቃቤ ሕጉ እንደዛተው ኦራሊያን ቢከስም፣ ጉዳዩን ያየው ዳኛ ክሱን ዘጋው። ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላም፣ ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች ከሚቀበሩበት ቦታ የጎረምሳው አስከሬን ወጥቶ ለእናቱ ተሰጠ።

በቀብሩ ላይ አንድ ነጋዴ ወደ ዶን ኢላሪዮ ጠጋ ብሎ፣ ይህን ሁሉ ያመጣው የጋዜጦች ወሬ ነው ሲል አጉረመረመ።

«እኔም እንደዚያ እል ነበር» አሉት ዝግ ብለው። «ዝምታን ሰላም እያልኩ ኖሬያለሁ። ይህች እናት ግን ልጇን ያገኘችው አንድ ሰው ስለተናገረ ነው፤ ያ ሰው የተናገረው ደግሞ ስሙን የምትጠብቅለት ስላገኘ ነው። ዐቃቤ ሕግም እንደሚታይ ሲያውቅ ሌባውን ያሳድዳል፤ የሚያየው ሲያጣ ግን እኔንና አንተን ያሳድዳል።»

 እናቲቱ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆማ፣ በአገሩ ልማድ፣ ሟቹ እንዳልተረሳ ሕዝቡ እንዲመሰክርላት የልጇን ስም ከፍ አድርጋ ጠራች፦ «ኤሊሴዮ!»

«አለ!» ብሎ ሕዝቡ መለሰ። ከዶን ኢላሪዮ ጎን የቆመው የዚያ ነጋዴ ድምፅም ትንሽ ዘግይቶ ተሰማ።