ለአንድ ጥንድ በሬ የተዳሩት ወይዘሮ ካሣነሽ ቀለመ ወርቅ

በዚህ ደጀ ሰላም ለስንብት የቆማችሁ ወገኖች ሆይ፣ ወደ አፈር ከመመለሳቸው በፊት የኖሩትን ኑሮ በጥቂቱ እናሰማችሁ።

ወይዘሮ ካሣነሽ ከአባታቸው ከመሪጌታ ቀለመ ወርቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቄ በጋይንት ቤተ ልሔም አጠገብ በ1906 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ደቀ መዛሙርትን ሲያስተምሩ ከጓዳ ሆነው እየሰሙ ፊደል ለይተው ዳዊቱን ከግማሽ እንዳደረሱ ትምህርቱ በጋብቻ ተቋረጠ።

መሪጌታ የነበራቸው አንድ በሬ ብቻ ነበር፤ ጎረቤታቸው አቶ ገብረ ሥላሴም እንደዚሁ። በአንድ በሬ አይታረስምና ሁለቱ አባቶች ተማክረው ወይዘሮ ካሣነሽን በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ለአቶ ታፈረ ገብረ ሥላሴ ድረው በሬዎቹን በአንድ ቀንበር ጠመዱ። እውነት ለመናገር ትርፉ ታይቷል፤ እኩዮቻቸው ገና ከወላጅ ጎተራ ሲሰፈርላቸው እርሳቸው ሃያ ዓመት ሳይሞላቸው የራሳቸውን ገብስ አስወቅተዋል። ነገር ግን መሪጌታ ለድግሱ የዘር እህላቸውን ሳይቀር አውጥተው ነበርና፣ ከሠርጉ ቀጥሎ በመጣው ክረምት በረዶ አዝመራውን ሲመታው ቤታቸው ጦሙን አደረ፤ ወይዘሮ ብርቄም ያን ክረምት አልተሻገሩትም።

ልጃቸው ተዋበች በተወለደች በዓመቱ አቶ ታፈረ ለአጨዳ ወደ ስማዳ ቆላ ወርደው በንዳድ አረፉ። ሐዘኑ ሳይወጣ አማቶቻቸው የራሳቸውን በሬ ከቀንበሩ ፈትተው ወሰዱ፤ በቀረው በአንዱ በሬ ማረስ አይቻልምና ወይዘሮ ካሣነሽም መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው በግማሽ ምርት ልጃቸውን አሳደጉ።

ስለዚህም ተዋበችን በልጅነቷ አልድርም አሉ። ዘመድ ሁሉ፣ አማች የሌለው ቤት በክፉ ቀን ደራሽ የለውም እያለ ቢመክራቸውም፣ እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አቆይተው ከብት ለሌላቸው ለደጉ ለአቶ ደሴ ሰጧት። አምና ዝናሙ ሲቀር የተባለው ደረሰ፤ በሬ የሚያውስ ወገን አልተገኘም፤ ከጋብቻው በኋላ ያፈሯት አንዲት ላምም ወደ አርብ ገበያ ተነድታ በርካሽ ተሸጠች። ያን ጊዜ ወይዘሮ ተዋበች የአሥር ዓመት ልጃቸውን አዲስዓለምን፣ ሁለት ጥማድ በሬ ላላቸው ለአቶ ኃይለ ሚካኤል ልጅ ሊድሩ ቃል ሰጡ።

ወይዘሮ ካሣነሽ ይህን የሰሙት በሕመም ተኝተው ሳለ ነው። ልጃቸውን ወደ መደባቸው አስጠርተው፣ «በሬው ይሞታል፤ ልጅቱ ግን እዚያው ትቀራለች» አሏቸው። ወይዘሮ ተዋበች ዓይናቸውን ወደ ባዶው ጎተራ አፍ መለሱ። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ካሣነሽ ምግብ ሲቀርብላቸው «ለልጅቱ ስጧት» ከማለት በቀር ሳይቀምሱ ሰንብተው፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1958 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከኋላቸው ልጃቸው ወይዘሮ ተዋበች፣ አማቻቸው አቶ ደሴ፣ ወንድማቸው አቶ ማሩ ቀርተዋል። የልጅ ልጃቸው አዲስዓለምም ቀርታለች፤ ለጥር ተቆርጦ የነበረው ሠርጓ ተዝካሩ እስኪወጣ ብቻ ተላልፏል። አቶ ኃይለ ሚካኤል ከነቤተሰባቸው ይኸው ከመካከላችን ቆመዋል፤ ለእዝኑ የሚሆነውን እህል በአህያ ጭነው ያመጡልንም እርሳቸው ናቸው።

አምላከ አበው የወይዘሮ ካሣነሽን ነፍስ ረኃብ በሌለበት አገር ያሳርፍልን፤ ለቀረችውም ልጅ ጠባቂ ይሁናት። አሜን።