በግድቡ ሐይቅ ላይ አረፋ የቆጠሩት ሰው ዜና ሕይወት

ሥራችሁንና መንገዳችሁን ትታችሁ ልታስተዛዝኑን የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ይህን ጽሑፍ የምታነብላችሁ የሟች ታናሽ እህት ናት፤ ድምፅዋ ከፍ ቢልባችሁ ኀዘን ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ንዴትም አለበት።

ወንድማችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ኪራይ ቤት፣ የሁለት ልጆች ታላቅ ሆነው ተወለዱ። ገና ከልጅነታቸው ሳይለኩ ማመን የማይሆንላቸው ነበሩና፣ አባታቸው የገነቡትን ግድግዳ ሜትር ይዘው ከኋላ ከኋላ እየለኩ በሁለት ጣት ያህል ባነሰ ቁጥር ስለሚናገሩ፣ አባታቸው ልጅ ሳይሆን ተቆጣጣሪ ተወለደልኝ እያሉ በባልደረቦቻቸው ፊት ያሟቸው ነበር። ትምህርታቸውንም በሰፈራቸው ጀምረው፣ በዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አጥንተው በማዕረግ ከተመረቁ በኋላ፣ በሃያ ስድስት ዓመታቸው፣ ያን ጊዜ ውሃ መያዝ በጀመረው ትልቅ የመብራት ግድብ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆነው ተቀጠሩ።

ግድቡ ሲዘጋ በሸለቆው የነበረው ደን አስቀድሞ ተቆርጦ መውጣት ሲገባው፣ ጊዜ የለም ተብሎ ዛፉ ከነቅጠሉ፣ ሣሩ ከነሥሩ በቁሙ ሰጠመ። አየር በሌለበት ውሃ ውስጥ የሚበሰብስ ቅጠል ደግሞ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይሰጣል፤ ይህም ጋዝ ምድርን በማሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው። ወንድማችን ይህን ጋዝ እንዲለኩ፣ የመለኪያውንም ቦታ ራሳቸው እንዲመርጡ ታዘዙ። እርሳቸውም ለሥራው አዲስ ስለነበሩ፣ የጀልባዋን ሆድ የሚቀድ ጉቶ የሌለበትን፣ ከግድቡ ግድግዳ ፊት ለፊት ያለውን እጅግ ጥልቅ ውሃ መረጡ። እዚያ ግን ከሥር የሚነሣው አረፋ ከውሃው ፊት ሳይደርስ ሟሙቶ ይቀራልና፣ ያገኙት ቁጥር ከምንም የማይቆጠር ሆነ፤ ፈረሙበት። የግድቡ ጽሕፈት ቤትም ያንን ቁጥር በሐይቁ ስፋት ሁሉ አባዝቶ፣ ሐይቃችን ንጹሕ ነው ብሎ አወጀ። ይህ የራሳቸው ስሕተት ነው፤ እርሳቸው አልሸፋፈኑትም፣ እኛም አንሸፋፍነውም።

በአራተኛው ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከጀልባ ነጂያቸው ጋር በውሃው ላይ ሳሉ የጀልባዋ ሞተር ጠፍቶ ነፋስ ወደ አንድ ጥግ ቢገፋቸው፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ፣ በደረቁ ዛፎች መካከል፣ ሐይቁ እንደተጣደ ድስት ሲንተከተክ አገኙት። የፕላስቲክ ባልዲ ገልብጠው አረፋውን አጠራቀሙ፣ ቂጡንም በምስማር በስተው ክብሪት ጫሩበት። እሳቱ ቦግ ሲል የወንድማችንን ቅንድብ፣ የጀልባ ነጂውንም ግማሽ ጢም ይዞ ሄደ። ጀልባ ነጂው እነሆ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ጢማቸው እግዜር ይመስገን ተመልሷል። ሁለቱን በክሊኒኩ ያከመቻቸው ነርስ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ቅባቱን ጆሯቸው ላይ ቀባች ይባላል፤ በዓመቱም ከዚህችው ነርስ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ።

ከዚያች ቀን ወዲህ ወንድማችን እረፍት አላወቁም። ጥጋጥጉን ሁሉ ለኩ፤ ከተርባይኖቹም በታች ወርደው፣ ከጥልቁ የሚመጣው ውሃ ሲለቀቅ፣ ክዳኑ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ጋዙን ሲተፋ ለኩ፤ ሁሉም ሲደመር ከፈረሙበት ቁጥር ሠላሳ ስምንት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ይዘው ወደ ኃላፊው ቢገቡ፣ ቦታውን የመረጡት እርስዎ፣ የፈረሙት እርስዎ፣ አሁን ደግሞ ምን ታየዎት ተባሉ። ደብዳቤ ቢጽፉ ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ፤ በየዓመቱ ቢደጋግሙ ጥርስ ነከሱባቸውና ከላቦራቶሪ አውጥተው ጎማና አምፖል እንዲቆጥሩ ዕቃ ግምጃ ቤት አስገቧቸው። በሻይ ክበቡም አረፋ ቆጣሪው የሚል ስም ወጣላቸው። ይህን ስም ያወጣችሁና ዛሬ እዚህ የተቀመጣችሁ ራሳችሁን ታውቁ ይሆናል፤ እርሳቸው ግን ስሙን ወደውት ነበር።

እሑድ እሑድ በጀልባ ነጂው የግል ጀልባ እየወጡ መለካታቸውን ቀጠሉ፤ አሥራ አንድ ደብተሮችም ሞሉ። መብራቱን ጠልተው አይደለም፤ የራሳቸውም ቤት የሚበራው በዚያው መብራት ነበር። የሚያወጣው ጋዝ ይቆጠር፣ ዛፉም በሚቀጥለው ግድብ አስቀድሞ ይውጣ ነው ያሉት። ይህ ምን ክፋት አለው? ጽሕፈት ቤቱ ግን ያንን የመጀመሪያ ወረቀት ቀኑን ብቻ እየለወጠ፣ ፊርማቸውን በፎቶ ኮፒ እያነሣ፣ ዓመት በመጣ ቁጥር አወጣው። በሠላሳ ዓመታቸው የተጠየፉትን ቁጥር በስድሳ ዓመታቸው ጡረታ ሲወጡም እንደ አዲስ የፈረሙበት መስሎ ታየ። እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ውሸት ምን ይባላል?

ከጡረታ በኋላ በጉበት ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ሠላሳ ሦስተኛውን ደብዳቤ በትልቋ ልጃቸው እጅ አስጻፉ። ቁጥሬን ካላመናችሁት ተዉት፣ ፊርማዬን ግን አንሡልኝ፣ በስሜ አትዋሹ የሚል ነበር። መልሱን በዓይናቸው ማየት ብቻ ነበር የቀራቸው ምኞት፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር። ሐሙስ ጠዋት በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

መልሱ ትናንት መጣ። የአበባ ጉንጉን ነው፤ በጥብጣቡ ላይም የሐይቃችንን ንጽሕና ላረጋገጡልን ባለሙያ የሚል ተጽፎበታል። ይኸው ቃል በዚህ ዜና ሕይወት ውስጥ እንዲገባ የሚጠይቅ ማኅተም ያለበት ወረቀትም አብሮ ተልኳል። ሰው ሞቶም አይተዉትም! ጉንጉኑን ጀልባ ነጂው ተሸክመው ከበር ውጭ አስቀምጠውታል፤ ወረቀቱም አይነበብም።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ መምህርና የመብራት ሠራተኛ የሆኑ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ አንዲት እህታቸውንና ጀልባ ነጂ ወዳጃቸውን ትተው አልፈዋል፤ በዚያ መሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥም የማይፈልጉትን ፊርማ ትተዋል። ፈጣሪ ደክመው የለፉበትን አይቶ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን፤ እናንተንም ውለታችሁን ይክፈልልን። ሰኞ ጠዋት በሁለት ሰዓት ልጆቻቸው ሠላሳ አራተኛውን ደብዳቤ ከአሥራ አንዱ ደብተሮች ጋር ይዘው ወደዚያ መሥሪያ ቤት ይገባሉ፤ እህታቸውም አብራ ትሄዳለች፤ ለወንድማችን ያዘናችሁ ሁሉ እዚያው በሩ ላይ እንገናኝ።