ለወህኒ ቤቱ ጡብ የነፈጉት ነጋዴ

ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦች፣ ከቅርብም ከሩቅም ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ሁሉ፤ የታላቅ እህቴ ባለቤት፣ ለእኔም ለረጅም ዘመን አለቃም ወንድምም ሆነው የኖሩትን የጋሼን ታሪክ እንዳነብ ቤተሰቡ ስላዘዘኝ፣ ድምፄ እስከፈቀደልኝ ድረስ አነብላችኋለሁ።

ጋሼ ከዛሬ ሰማንያ አንድ ዓመት በፊት፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ቀይ አፈር ሰፈር፣ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። በዚያን ጊዜ አገሩ በባዕዳን ገዥዎች እጅ ስለነበረ፣ ለአገሬው ልጆች የተከፈተው አንድ ለእናቱ የሆነ ትምህርት ቤት ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም ነበርና፣ እሳቸውም እዚያው ላይ ቆሙ። በኋላ ዘመን የትምህርት ደረጃቸውን የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥማቸው፣ ስምንተኛን የጨረስኩት ጎበዝ ሆኜ ሳይሆን ዘጠነኛ ስላልነበረ ነው እያሉ ይስቁ ነበር።

አባታቸው ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወድቀው እግራቸው በተሰበረ ጊዜ የቤቱ ኑሮ በእናታቸው የስፌት መኪና ላይ ብቻ ስለወደቀ፣ ጋሼ አንድ የውጭ አገር ሰው ባቋቋመው የጡብ ፋብሪካ በቀን ሠራተኝነት ተቀጠሩ። እዚያም አፈር መለየትን፣ ማቡካትን፣ እሳት መጠበቅን ከሥር ከመሠረቱ ተማሩ፤ ከአፈሩ ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ላይ በማኖር ጨው እንዳለበት ያውቁ ነበር፤ የተቃጠለውንም ጡብ በጣታቸው አንኳኩተው ከድምፁ ብቻ መጥፎውን ከደጉ ይለዩ ነበር። ባለቤቱ ታሞ ወደ አገሩ ሲመለስ ፋብሪካውን ቀስ በቀስ በሚከፈል ዋጋ ተረከቡና፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው የሁለት ምድጃና የስድሳ ሠራተኞች ጌታ ሆኑ። ቀይ አቧራ ከኮታቸው ጠፍቶ ስለማያውቅ ሠራተኞቹ ያወጡላቸው ስም “አቶ አቧራ” ነበር፤ እሳቸውም ይህን ሰምተው ኮቱን አልቀየሩም።

ሆስፒታሉና ፖስታ ቤቱ የተሠሩት በእሳቸው ጡብ ነው። የአገረ ገዥው መኖሪያም እንዲሁ። ይህችኛዋን ሳትደብቅ አንብብ ብለው በሕይወት ሳሉ ያዘዙኝ ራሳቸው ናቸው።

ከእህቴ ጋር የተዋወቁት በጠብ ነው። አባታችን ለኩሽና ግድግዳ ካስመጡት ጡብ ውስጥ አሥራ ሁለቱ ጠርዛቸው ተሸርፎ ስለነበር፣ እህቴ በጋሪ አስጭና ፋብሪካው ድረስ መለሰቻቸው። ጋሼ በማግስቱ አሥራ ሁለት ምርጥ ጡቦች ራሳቸው ይዘው መጡ፤ በሳምንቱም ግድግዳው እንዴት ሆነ ብለው ሊጠይቁ መጡ፤ ግድግዳው ካለቀ በኋላም መምጣታቸው ስላልቀረ አባታችን ነገሩ ገባቸው። በስድስተኛው ወር ተጋቡ፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጆችም አፈሩ።

ጋሼ እስከ ሠላሳ አራት ዓመታቸው አንድም የፖለቲካ ስብሰባ ረግጠው አያውቁም። በዚያ ዓመት የባቡር ሠራተኞች ሥራ በማቆማቸው እስር ቤቱ ሞልቶ ስለፈሰሰ፣ አስተዳደሩ ኮረብታው ላይ አዲስ ወህኒ ቤት ሊሠራ ወሰነና አንድ ሹም የውል ወረቀት ይዞ ወደ ፋብሪካው መጣ። እኔ በዚያን ጊዜ የጋሼ ጸሐፊ ስለነበርኩ፣ በዚያች አቧራ በለበሰች ቢሮ ውስጥ ከጎናቸው ባለው ጠረጴዛ ተቀምጬ የሆነውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ጋሼ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበቡና መልሰው ሰጡት።

“ጡቡ አለ፤ ለዚህ ግን አይሸጥም” አሉት።

“አንተ ነጋዴ አይደለህም እንዴ? በግንቡ ምን አገባህ?” አላቸው ሹሙ።

“ነጋዴማ ነኝ። ግን በማን ላይ እንደሚዘጋ አውቃለሁ፤ ግማሾቹ እዚሁ ግቢ ውስጥ ጭቃ እየረገጡ ነው።”

ሹሙ እንደወጣ ጋሼ ወደ ምድጃው ወርደው የዕለቱን ጡብ ያንኳኩ ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ምድጃዎቹ ታሸጉ። ሠራተኞቹና ቤተሰቦቻቸው በር ላይ ተሰብስበው ምን እንሁን ባሉ ጊዜ፣ ንግግር የማይሆንላቸው፣ ድምፃቸውም ቀጭን የነበረው ጋሼ የጡብ ክምር ላይ ወጥተው፣ ምድጃችንን የሚያሽግብን ሰው ካገራችን እስካልወጣ ድረስ የራሳችን የምንለው ነገር እንደሌለን ዛሬ ገባኝ፤ ዘግይቶ ነው የገባኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ብለው ወረዱ። በዚህች ንግግር ሦስት ዓመት ከሰባት ወር ታሰሩ። ለአሥር ሰው በተሠራ ክፍል ሠላሳ ስምንት ሆነው ተራ እየገቡ ሲተኙ፣ የብርድ ልብሱን እኩሌታ የሰጣቸው አንድ ብረት በያጅ ነበር። እህቴም በጓሮ ትንሽ ምድጃ ሠርታ የአበባ ማሰሮና የጣሪያ ክዳን እያቃጠለች ልጆቹን አሳደገች።

ከእስር ሲወጡ ጋሼ የነፃነቱን ማኅበር ተቀላቅለው፣ ከከተማ ከተማ በአሮጌ የጡብ መኪናቸው እየዞሩ ሕዝብ አደራጁ፤ ከባዕዳኑ ጋር በተደረገው የነፃነት ድርድርም ከተቀመጡት ሰባት ሰዎች አንዱ ሆኑ። ነፃነት በመጣ ጊዜ ለምክር ቤት ተመርጠው የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስትር ሲሆኑ፣ ማኅተሙ የተነሣለት ፋብሪካቸው፣ በሥልጣናቸው ተጠቀመ እንዳይባል፣ ለመንግሥት አንዲት ጡብ እንዳይሸጥ ከለከሉ።

ሆኖም ከፊታቸው ከቀረቡት የመጀመሪያ ወረቀቶች አንዱ፣ ባዕዳኑ ጀምረውት የሄዱት ያ የኮረብታው ወህኒ ቤት ይጠናቀቅ የሚል ነበር፤ ጋሼም ፈረሙበት። የመስኮቱን ስፋት በእጥፍ አሳድገው፣ በአንድ ክፍል ከአራት ሰው በላይ እንዳይገባ ደንግገው ነው የፈረሙት፤ ቢሆንም ፈረሙ። ያን ጊዜ የምክር ቤት አባል የነበረው ብረት በያጁ ሰላምታ ነሣቸው። እኔም እዚህ ቆሜ እንዳልዋሽ፣ አንድ ወር ቤታቸው አልሄድኩም። ስሄድ ግን፣ “አሮጌው ውስጥ ዛሬም ሰው ተራ ገብቶ ነው የሚተኛው። ለእኔ ስም ብዬ እዚያው ልተዋቸው?” አሉኝ።

በሦስተኛው ምርጫ በአንዲት አዋላጅ ነርስ ተሸነፉ። ውጤቱ በተነገረ በማግስቱ ማለዳ ቤቷ ሄደው እንኳን ደስ አለሽ ካሏት በኋላ፣ በወረዳው ያላለቁትን መንገዶች ዝርዝር አስረከቧት። ከዚያም ፋብሪካውን ወደምታስተዳድረው ትልቋ ልጃቸው ተመልሰው አፈር ይቀምሱ ጀመር፤ እሷም አባባ ከሚኒስትርነቱ ይልቅ ለዚህ ይሆናሉ ትል ነበር።

ያ የዕድሜ ልክ አቧራ በመጨረሻ ሳንባቸውን ያዘው። ሁለት ዓመት በኦክስጅን ሲረዱ፣ አንድ ቀን ብረት በያጁ በዱላ እየተደገፈ መጥቶ በሩን ዘግቶ ከእሳቸው ጋር ተቀመጠ። ምን እንደተባባሉ አናውቅም፤ የሁለት ሽማግሌዎች ሳቅና ሳል ግን እስከ ሳሎን ይሰማ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ እህቴ ፂማቸውን እየላጨችላቸው ሳለ፣ አንዱ ጉንጫቸው አልቆ ሌላው ሳይነካ ዐረፉ። እሷም ምላጩን አላስቀመጠችም፤ የቀረውን ላጭታ ጨረሰች።

ጋሼ ኃምሳ ሁለት ዓመት አብረዋቸው የኖሩትን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውንና አንዲት ታናሽ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ የደከሙበትን አስቦ፣ የሳቱት ቢኖር ይቅር ብሎ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለእህቴም፣ ነገ ጠዋት ተነሥታ እጇ የሚላጨው ሰው ሲያጣ፣ የምትችልበትን ብርታት ይስጣት።